ቀብዱን ከመክፈላችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጁስ ቤት ተከፈተ። ወረፋ ነበረው። ስድስት ወር ሳይሞላ እዛው መንገድ ላይ አራት ሆኑ። ያው ስፕሪስ፣ ያው የፕላስቲክ ወንበር፣ ያው ዋጋ። ሁለቱ አሁን ተዘግተዋል። የአንደኛው ባለቤት የጁስ መፍጫውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሲወጣ አይቻለሁ። እህቱ ከዐረብ አገር በላከችለት ብር ነበር የከፈተው። አንጀቴ ነው ያረረው።

ጁስ ቤት መክፈት ነውር አይደለም። በወጉ ከያዙት ቤተሰብ ያኖራል። የሚያናድደኝ ከጎረቤት የገለበጥነውን ሥራ «ስታርታፕ» እያልን፣ ነገ ሚሊየነር ያደርገናል ብለን መጠበቃችን ነው። ስታርታፕ ሌላ ነገር ነው፤ የሰውን ችግር በአዲስ መንገድ ፈትቶ ቶሎ እንዲያድግ ታስቦ የሚጀመር ሥራ ነው።

ራይድን እዩ፤ በስልክ ታክሲ የሚጠራበትን ድርጅት ማለቴ ነው። መሥራቿ ሳምራዊት ፍቅሩ ሥራውን ያሰበችው ሌላው ሲሠራ አይታ ብቻ አይደለም። ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ መያዝ ያስፈራት ነበር። ዋጋውም እንደ ሾፌሩ ነው። ይሄን አዲስ አበባ ላይ ያመሸ ሁሉ ያውቀዋል። መተግበሪያ ብቻ ሠርታም አልተቀመጠችም። ስማርት ስልክ የሌለው፣ ዳታ ያለቀበት ሰው 8294 ደውሎ መኪና ያገኛል። እናቴ ዛሬም የምትጠራው እንደዛ ነው። ደንበኛን ማወቅ ማለት ይሄ ነው።

ከጁስ ቤቱ ጋር አስተያዩት። ጁስ ቤቱ ሽያጩን እጥፍ ላድርግ ካለ ሌላ ቤት መከራየት፣ ሌላ ሰው መቅጠር አለበት። ራይድ ላይ ግን መኪናው የባለ መኪናው ነው። ሾፌር ሲጨመር ተሳፋሪው የሚጠብቅበት ደቂቃ ያጥራል። ተሳፋሪ ሲበዛ ደግሞ ሾፌሩ ራሱ ይመጣል። ገቢው ወጪውን ጥሎ የሚሮጠው በዚህ ነው።

ነገሩ የቴክኖሎጂ ብቻም አይምሰላችሁ። በረባሶን የማያውቅ ማን አለ? ቤተልሔም ጥላሁን በ2005 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት መሠረተች። የአሮጌ ጎማ ሶል ይዛ ውጭ ገበያ ገባች።

እናንተ ውጭ ያላችሁ፣ ለወንድማችሁ ብር ስትልኩ «ቤቱ የት ነው?» ብቻ አትበሉት። «የማንን ችግር ነው የምትፈታው? ስንት ሰው አነጋገርክ?» በሉት። መልስ ከሌለው ብሩ ይቆይ።

አንተም ወንድሜ፣ ሶፋውና የምረቃው ኬክ ይቅርብህ። መጀመሪያ አሥር ሰው ዘንድ በእግርህ ሂድ። በእጅህ ሠርተህ፣ በስልክ ትእዛዝ ተቀብለህ ሞክረው። ስንቱ ከኪሱ አውጥቶ እንደከፈለ፣ ስንቱ ደግሞ ተመልሶ እንደመጣ ደብተር ላይ ጻፍ። «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብሎ ያለፈውን አትቁጠረው።