ሁለተኛ ዳታ ሴንተር ባክአፕ አይደለም

"ሌላ ከተማ ሁለተኛ ዳታ ሴንተር (ኮምፒውተሮቹና ዳታው የሚቀመጡበት ቦታ) እስካለ ዳታ አይጠፋም፣ ቢጠፋም ኮንትራክተሩ ይከፍላል" ላልከው፣ ወንድሜ ሁለቱም ልክ አይደለም። አሜሪካ ቨርጂኒያ ስቴት ኦገስት 2010 ላይ የሆነውን እይ፣ እነ አሌክሳንድሪያ የነበራችሁ ታስታውሱት ይሆናል። የስቴቱን ኮምፒውተር ኖርዝሮፕ ግሩማን የሚባል ኩባንያ ነበር በኮንትራት የሚያስተዳድረው፣ ሁለተኛ ዳታ ሴንተርም ነበረው። አንዱ ትልቅ ስቶሬጅ (ዳታው የሚቀመጥበት ማሽን) ተበላሸና ሜሞሪ ቦርድ ሊቀይሩ ሲገቡ ወደ ሁለተኛው ሳይት የሚሄደውን ኮፒ ሳያቆሙት ቀሩ፣ ከዛማ የተበላሸው ዳታ እዛም እየተገለበጠ ሄደና ለክፉ ቀን የተቀመጠው ኮፒ ራሱ አብሮ ተበላሸ። ኮፒው ሥራውን ነው የሠራው እኮ፣ ስህተቱንም እንዳለ ገለበጠው! መጨረሻ ላይ ያዳናቸው ዳታው ተቀድቶ የተቀመጠበት ቴፕ ነው፣ አዎ ያ ሁሉ ሰው የሚስቅበት አሮጌ ቴፕ፣ ግን ከሱ መመለስ ቀናት ስለሚፈጅ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ለሳምንት ያህል መንጃ ፈቃድ ማውጣት አልቻለም።

ይከፍላል ላልከው ደግሞ፣ ኮንትራቱ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ ስቴቱ ከኩባንያው በድርድር ያገኘው ግን በክፍያም በማሻሻያም ተደምሮ ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ "ባክአፕ አለን" ሲሉህ መጨረሻ ዳታውን ከባክአፑ መልሳችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው፣ ስንት ሰዓትስ ፈጀ በላቸው።