ነጠላዬን ይመልሱልኝ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ብላክ

ለክቡር ብላክ
የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ኮድ አጻጻፍ አስተካካይ ሶፍትዌር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ነጠላ ጥቅስ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ አብረን መሥራት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። አንድም ቀን "አንተስ ምን ትላለህ?" ብለውኝ አያውቁም። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲመጡ ራስዎን ያስተዋወቁት "የማይደራደር" ብለው ነው። መቼም ቃልዎን አላጠፉም።

ከነጠላው ልጀምር። ፓይተን ነጠላ ጥቅስንም (') ድርብ ጥቅስንም (") እኩል ያያል። እኔ ነጠላ ለምጃለሁ፤ ሺፍት መጫን አይጠይቅማ። እርስዎ ግን ሴቭ ባልኩ ቁጥር ነጠላዬን ገፈው ጋቢ ያለብሱኛል። በዚህ ሙቀት! ይህን የሚያስቀር ማስተካከያ እንዳለዎት አንብቤ ቲም ሊዳችንን ለመንኩት። "ሁሉም ጋቢ ለብሶ አንተ ብቻ በነጠላ?" አለኝ።

የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የሆነው ፔፕ 8 ለአንድ መስመር 79 ፊደል ይፈቅዳል። ጥሩ። ሰማንያ ቢሉም ይገባኛል፤ ሰማንያ ተፈራርመን የተጋባን ሰዎች ነን። 88 ግን ከየት መጣ? 80 ላይ 10 በመቶ ጨምረው ነው አሉ። አሥር በመቶዋ የደላላ ናት?

ልቤን የሰበሩት ግን በእህሉ ነው። የጤፍ፣ የስንዴ፣ የገብስና የበቆሎ ዋጋ የያዘ ዲክሽነሪ (ስምን ከዋጋው ጋር የሚያጣምር የኮድ ዝርዝር) ጻፍኩ። ቁጥሮቹ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው እንዲሰለፉ ስፔስ እየቆጠርኩ ደረደርኳቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሴቭ አልኩ። ከበቆሎው ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ስላላስቀመጥኩ አራቱንም እህል ሰብስበው እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ አንድ መስመር ላይ ጠቀጠቋቸው። ሰረዟን ጨመርኩ። "ወራጅ አለ" የተባለ ይመስል አራቱም ተራ በተራ ወረዱ። ስፔሶቼ ግን በዚያው ቀሩ።

ደግሞ የአሮጌው ፕሮጀክት ጉዳይ አለ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሙሉውን ፕሮጀክት አሳለፍኩልዎ። ጨርሰው "ሁሉም አለቀ" አሉኝ፣ ከነኬክ ኢሞጂዎ። ሰኞ ጊት ብሌም (እያንዳንዱን የኮድ መስመር መጨረሻ ማን እንደነካው የሚያሳየው) ሲከፈት እኔ ሳልቀጠር የተጻፈው ኮድ ሁሉ በስሜ ሆኗል። አሁን ሌሊት ሲስተም ከወደቀ የሚደወለው ለእኔ ነው። እንዲህ ያለውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ጊት ብሌም እንዲዘለው የሚያደርግ ፋይል እንዳለ ሰዎች የነገሩኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ይሁን፣ ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ድሮ ኮዴን ሪቪው የሚያደርገው ባልደረባዬ "እዚህ ስፔስ ጎደለ፣ እዚያ በዛ" እያለ ሃያ ኮሜንት ይጽፍ ነበር። እንጨቃጨቃለን፣ ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ያጸድቅልኛል። አሁን ስለ ስፔስ የሚለው ስላጣ ኮዱን ማንበብ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ስህተት አገኘብኝ። ማኪያቶውም ቀርቷል።

ከማይደራደር ሰላምታ ጋር
ባለ ነጠላው

ግልባጭ፦ ለቲም ሊዳችን (እንዲያውቁት)

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ኮሜንት (ፓይተን የማያስኬደው ማስታወሻ) አድርጌ የኮድ ፋይሉ አናት ላይ ለጥፌዋለሁ። መስመሮቹ ከ88 ፊደል ያልፋሉ። ኮሜንት እንደማይሰብሩ አውቃለሁ።