ማስተካከያ፦ የብሔራዊ ፈተና ውጤት የግዛት ፈቃድ አይደለም

በአሜሪካ የመተንፈሻ ሕክምና ሙያ ለሚማሩና ለሚሠሩ ወገኖቻችን በስፋት እየተላለፈ ያለ አንድ መልእክት «ብሔራዊውን ፈተና ያለፈ በየትኛውም ግዛት መሥራት ይችላል፤ በየ5 ዓመቱ ማሳደስ ብቻ ይበቃዋል» ይላል። ይህ ስህተት ነው።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤንቢአርሲ የተባለው ብሔራዊ ቦርድ ሲሆን፣ የ5 ዓመቱ እድሳትም እርሱ የሚሰጣቸውን ማዕረጎች ብቻ ይመለከታል፤ ከእነዚህም ሲአርቲ የመግቢያ ደረጃው፣ አርአርቲ ደግሞ ከፍ ያለው የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ማዕረግ ነው። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ግን እያንዳንዱ ግዛት ነው። ከአላስካ በስተቀር ሁሉም ግዛቶች ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህ በብሔራዊው ቦርድና በግዛቶቹ ፈቃድ ሰጪ አካላት ደንቦች ላይ የሰፈረ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ካሊፎርኒያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዲስ ተመራቂ አርአርቲ ትጠይቃለች፤ በቴክሳስ ግን ሲአርቲም ለፈቃድ ያበቃል። ፈቃዱ በሁለቱም ግዛቶች በየ2 ዓመቱ ይታደሳል፤ ለእድሳቱ ካሊፎርኒያ 30፣ ቴክሳስ ደግሞ 24 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይፈልጋሉ። አንዱ ኮርስ ለብሔራዊው ማዕረግም ለግዛቱም ሊያገለግል ይችላል፤ ለአንዱ ማሳወቅ ግን ለሌላው ማሳወቅ አይደለም።

መልእክቱን አምኖ የግዛት ፈቃዱ ያለፈበት ባለሙያ፣ ማዕረጉ ቢጸናም እንኳ፣ የታካሚን የመተንፈሻ መሣሪያ ማስተካከል በሕግ አይፈቀድለትም። እናንተም ዛሬውኑ የፈቃዳችሁን ማብቂያ ቀን በግዛታችሁ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ተመልከቱ። መልእክቱን ለሌሎች ያስተላለፋችሁ ካላችሁ፣ ይህንንም ለእነዚያው ሰዎች አድርሱልን።