ሥጋ በስኳር?! (ብሶት ነው፣ ረጅም ነው፣ የማትችሉ እለፉ)

እጄ ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ ነው የምጽፈው። በሎሚም በኦሞም ታጠብኩት፣ አልለቅም ብሏል። ይሁን።

ያቺ ልጅ ልደቷ ነው። ትንሿን እህቴን ታውቋታላችሁ። ኬክ አልፈልግም አለች። ዶሮም አልፈልግም አለች። ቡልጎጊ! ሌሊቱን ሙሉ የኮሪያ ድራማ ስታይ ታድራለች። እዛ ድራማ ውስጥ ሰው ሲጣላ ሥጋ ይጠብሳል፣ ሲታረቅ ሥጋ ይጠብሳል፣ ከሥራ ሲባረርም ሥጋ ይጠብሳል። እሷ ምራቋን ትውጣለች። እሺ አልኩ። ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ ሶይ ሶስ (ያ ጥቁር፣ ጨዋማ የአኩሪ አተር ፈሳሽ)፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ስኳር፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ከጎኑ ነጭ ሩዝ። ምኑ ያስቸግራል? ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ በ15 ደቂቃ ጨረሰችው። ጥፍሯን ተቀብታ። ከኋላዋ ፒያኖ እየተንቆረቆረላት።

እንዴት በ15 ደቂቃ እንደጨረሰች አሁን ገብቶኛል። ሥጋውን ተቆርጦ ነው የገዛችው! እነሱ አገር ሱፐርማርኬት ስትገቡ ለቡልጎጊ ተብሎ በማሽን ስስ ስስ ሆኖ የተቆረጠ ሥጋ ታሽጎ ይጠብቃችኋል። እኔን የሚጠብቀኝ ማነው? የሠፈራችን ሥጋ ቤት ሰውዬ።

ቅዳሜ ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ግማሹ ቁርጡን ይዞ ተቀምጧል፣ ግማሹ ቆሞ ይጠብቃል። ተራዬ ደረሰ።

«ጋሼ፣ አንድ ኪሎ ከሽንጡ፣ ጅማት የሌለው።»

«ለክትፎ ነው?»

«አይ።»

«ለጥብስ?»

«ይጠበሳል፣ ግን በጣም ስስ ተደርጎ ይቆረጥልኝ። እንደ ወረቀት።»

ቢላውን አስቀመጠ። አስቀመጠ እኮ ነው የምላችሁ! ያ ሰውዬ ስልክ ሲያወራ እንኳ ቢላ አያስቀምጥም።

«ቋንጣ ነው በይኛ!»

«ቋንጣ አይደለም ጋሼ። ቋንጣ ረጅም ነው። ይሄ ሰፋ ያለ፣ ስስ፣ አጠር ያለ...»

«እኮ ምንድነው?»

ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ይመለስለታል ተብዬ ነው ያደግኩት። መለስኩ። «የኮሪያ ምግብ ነው። በሶይ ሶስና በስኳር ተዘፍዝፎ ነው የሚጠበሰው።»

«በምን?»

«በሶይ ሶስ።»

«እሱን አይደለም። ቀጥሎ ያልሽውን።»

«...ስኳር።»

ዞረ። ወደ ቤቱ ሙሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰማችሁ ወይ? ይቺ እህታችን የሰንጋ ሥጋ በስኳር ልትዘፈዝፍ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ቁርጡን አዋዜ ውስጥ እየነከረ፣ «ሻይ ነው እንዴ የምታፈላው?» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «የኮሪያ ከሆነ ኮሪያ ሠፈር አትሄድም? እዛ ይቁረጡላት!» ሂሳብ የምትቀበለዋ ልጅ፣ እኔን ስታይ ዘወትር «ውዴ» የምትለዋ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ ሊከላከሉልኝ ፈልገው፣ «ተዉአት ልጅቷን፣ ስኳር ካላት ታድርግበት። እኛ ለሻይም አጣን!» ሳቁ እንደገና። የተከላከሉልኝ ሰው ይባሱኝ?

ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «እኔ ሥጋ አላስበድልም» ብሎ ለጥብስ ይከታትፈው ጀመር። ጣ ጣ ጣ። ሥጋው የኔ፣ ብሩ የኔ፣ ፍርዱ የሱ! «ጋሼ ተው!» ብዬ ስጮህ ግማሹ ሄዷል። የቀረውን እንዳለ ጠቅልልልኝ ብዬ ወጣሁ። የኪሎውን ዋጋ አልነግራችሁም። የምትኖሩት እዚሁ ነው፣ ታውቁታላችሁ።

ደሞ እኮ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ነው። ሁለት! ያ ሰውዬ አንድ ስኒ ቡና ላይ የሚገለብጠውን በዓይኔ አይቻለሁ።

መልሱ የመጣልኝ መቼ ነው? ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ። «ጋሼ፣ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም ፑሳን ወደብ ሲወርድ ሥጋ በስኳር ነው ብሎ ከመርከብ አልተመለሰም። ከ6,000 በላይ ሰው በየተራ ሄዶ ተዋግቶ፣ አንድም ሰው አልተማረከበትም። አንተ በሁለት ማንኪያ ስኳር ተማረክ?» ይሄን ብለው ኖሮ ቤቱ የሚስቀው በሱ ነበር። ግን እኔ መልስ የሚመጣልኝ ዘወትር ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። ባለፈው ያ የታክሲ ረዳት መልስ አልሰጥም ብሎ ሲያዋርደኝም እንዲሁ፣ ቤቴ ገብቼ ለግድግዳ ተናገርኩ።

ሥጋው ስስ ይሁን ያልኩት ለቅንጦት አይደለም። የኛ በሬ እኮ ዕድሜውን ሙሉ አርሶ ነው የሚመጣው። ሌሊት ታርዶ ጠዋት ይሰቀላል፣ ማታ ይበላል፣ አርፎ የሚለሰልስበት ጊዜ የለውም። ኮሪያዎች የነሱን ሥጋ ራሱ የሚያለሰልሱት በአገራቸው ፒር ነው፣ ያ ክብ፣ ቡናማ፣ ውሃ የሞላው ፍሬ። ፈጭተው ይጨምሩበታል። ሥጋ የሚያለሰልስ ነገር አለው። እኛ ጋ እሱ የለም። ኪዊ ይሆናል፣ አናናስ ይሆናል፣ ፓፓያም ይሆናል። ግን እነዚህ ኃይለኞች ናቸው፣ ብዙ ካቆያችኋቸው ሥጋው ገንፎ ይሆናል። ባለሱቁ ደግሞ የቆርቆሮ አናናስ ይዞ «ያው ነው እኮ» ይለኛል። ያው አይደለም ወንድሜ! የቆርቆሮው ሲታሸግ ተቀቅሏል፣ የሚያለሰልሰው ነገር በሙቀት ሞቷል። ትኩሱን፣ ያልታሸገውን ነው የምፈልገው። «እንግዲህ እኔ የማውቀው አናናስ አናናስ ነው» አለኝ። ዛሬ የሚከራከረኝ ሰው ወረፋ ይዟል።

የሰሊጥ ዘይቱን ላንሳው ወይስ ልተወው? ላንሳው። ሁመራ ሰሊጥ፣ መተማ ሰሊጥ። የሁመራ ሰሊጥ በዓለም ገበያ በስሙ የሚጠራ ነው። በኩንታል በኩንታል እየጫንን ለዓለም እንልካለን። ከዛ ተቆልቶ፣ ተጨምቆ፣ ጣት በምታክል ጠርሙስ ታሽጎ ይመለስልናል፣ ለኔም በሽቶ ዋጋ ይሸጥልኛል። የሽቶ ሱቅ እኮ ቢያንስ እጃችሁ ላይ ፊስ አድርገው ያሸትቷችኋል። እኔ አንድ ማንኪያ ነበር የምፈልገው። አንድ ማንኪያ የሚሸጥ የለም። ሶይ ሶሱን ስጠይቅ ደግሞ ልጁ ሄዶ የሶያ ዘይት አምስት ሊትር ተሸክሞ መጣ። አልተናደድኩበትም፣ ደክሞኝ ነበር።

እሺ፣ ቤት ገባሁ። ሥጋ ስስ አድርጎ በእጅ ለመቁረጥ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው፣ ጠንከር ሲል ቢላው አይሸሽም። ከዛ ጭረቱን አቋርጦ መቁረጥ። አስገባሁት። መብራት ጠፋ።

ስለ መብራት አልጽፍም። ስለሱ የሚጻፈው ሁሉ ተጽፏል።

እንደምንም ለሰለስ ብሎ እየተንሸራተተ በዛች ሽንኩርት በማትቆርጥ ቢላ ቆረጥኩት። አንዳንዱ ስስ፣ አንዳንዱ የጫማ ሶል። ዘፈዘፍኩት። ሰዓት ይዤ ቆምኩ። አናናሱ አይታመንም፣ እኔም አላምነውም።

አሁን ሩዙ። እዚህ ጋ እናቴ ትገባለች።

የኮሪያ ሩዝ ክብ ነው፣ አጭር ነው፣ ይያያዛል። ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ በልኩ ውሃ ይቀቀላል፣ ሳይከፈት ታፍኖ ይቆያል። ዘይት የለው፣ ጨው የለው። ጨዉ ሥጋው ላይ አለ። ለማሚ በትዕግሥት አስረዳኋት። «እሺ ልጄ» አለች። የናቴን «እሺ ልጄ» የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መታጠቢያ ቤት ደርሼ ስመለስ ክዳኑ ተነስቷል፣ ማንኪያው እርጥብ ነው፣ ድስቱ ላይ የዘይት ዓይን ዓይን ተንሳፍፏል። እርድም ልትጨምርበት ብልቃጡን ከፍታዋለች! ካሮቱ ጎን ተልጦ ተቀምጧል!

«ማሚ፣ ምን አደረግሽበት?»

«ምንም። እንዳይያያዝ ብዬ ነው።»

«እንዲያያዝ ነው የምፈልገው!»

«ተያይዞ ለእንግዳ ይቀርባል? ሰው ምን ይለናል?»

እንግዳው ማነው? ወንድሜ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያለው።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ሩዙን የገዛሁት ከፎገራ ነው። ማለቴ የፎገራ ሩዝ ነው። የፎገራን ሜዳ ሩዝ ማብቀል ካስጀመሩት ውስጥ በደርግ ጊዜ የመጡ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አሉበት። ኤክስ ጂግና የሚባለው የሩዝ ዘር ራሱ ከነሱ ጋር የመጣ ነው ይባላል። ይሄን ለናቴ ነገርኳት። ለአፍታ አሰበችና፣ «እነሱም ዘይት አጥተው ይሆናላ» አለች። ሄድኩ። ጥያቄ የለኝም።

መብራቱ ስላልመጣ ከሰል አያያዝን። ከሰል ጥሩ ነው፣ ኮሪያዎቹም ሲሆንላቸው በከሰል ነው የሚጠብሱት። እዚህ ላይ ትንሽ ተስፋ አድርጌ ነበር። መጥበሻው በደንብ ጋለ። ሥጋው ትንሽ ትንሽ፣ በየተራ ነው የሚገባው፣ አለበለዚያ ውሃውን ይተፋና ይቀቀላል። የመጀመሪያውን ዙር ስጠብስ ሽታው... ሽታው እኮ! ስኳሩ ጠርዝ ጠርዙን ቡናማ አድርጎት፣ ሰሊጡ ሸቶ፣ ጎረቤት መስኮት ከፈተ። ሳህን ላመጣ ዞር አልኩ። ወንድሜ ሆዬ «ልርዳሽ» ብሎ የቀረውን ሥጋ ከነውሃው ገለበጠው። ሁሉንም። ባንዴ።

ጭሱ ጠፋ። ፕላቅ ፕላቅ ይል ጀመር። ማሚ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «አልጫ ነው?»

አልጫ ነው ማሚ። አዎ። አልጫ በስኳር።

ሰላጣ ቅጠል አጥቤ ደርድሬያለሁ። ሥጋውን ከሩዝ ጋር በቅጠሉ ጠቅልላችሁ ባንዴ ወደ አፍ ነው። እርስ በርስም ይጎራረሳሉ፣ ይሄ እንኳ ይገባቸዋል ብዬ ነበር። ወንድሜ ቅጠሉን አገላብጦ አይቶ፣ «እንጀራ አልቆ ነው?» አለ። ማሚ ጎቹጃንጉን፣ ያን የኮሪያ የበርበሬ ድልህ፣ በጣቷ ቀመሰችው። «ይሄ አዋዜ ተበላሽቷል፣ ጣፍጧል» ብላ ልትደፋው ተነሳች። በእጇ ላይ ያዝኩት።

እና ምን ተበላ? ያ ሰውዬ የከታተፈው ጥብስ! ማሚ ዝም ብላ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሮዝመሪ አድርጋ ጎን ላይ ጠብሳው ኖሯል። ሳህኑ ተጠርጎ ተበላ። ልደተኛዋ ቡልጎጊውን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አነሳችው፣ አንድ ጊዜ ጎረሰች፣ «ይጣፍጣል እህትዬ» አለች፣ ከዛ ቀስ ብላ ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት። ሚጥሚጣ! አየኋት። እንዳየኋት አየች። ዝም ተባባልን።

ወንድሜ አሁን ከውጪ ሲገባ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሰውዬው አስቁሞት ነበር አሉ። «እህትህ ሥጋው እንዴት ሆነላት? ሟሟ?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜስ ምን መለሰ? «አልጫ ሆነ።» የገዛ ወንድሜ!

ለማንኛውም፣ የሰሊጥ ዘይት አለ። ኦሪጅናል። አንድ ማንኪያ ነው የተቀነሰለት። ፈላጊ ኢንቦክስ። ዋጋ አይቀነስም። ማሚ ለፀጉር ይሆናል ብላ ዓይኗን ጥላበታለች፣ ቶሎ በሉ።