ይድረስ ለክቡር «ዝርዝር የለም»

ጉዳዩ፦ ድርሻዎን እንዲቀንሱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አለን። እርስዎም ደህና መሆንዎን በየሱቁ እንሰማለን።

አንቱ የምልዎ ወድጄ አይደለም። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ፣ ከመርካቶ እስከ ሳሪስ እርስዎ የሌሉበት ንግድ የለም። ጉልት ላይ አሉ። ጀበና ቡናው ጋ አሉ። የሊስትሮው ሳጥን ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ንግድ ፈቃድ የለዎትም፣ ግብር አይከፍሉም፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣም ሸራ ጠቅልለው ሲሮጡ ታይተው አያውቁም። ሻጭና ገዥ ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ ዕቃው ፌስታል ውስጥ ከገባ በኋላ መሃል ይገቡና የድርሻዎን አንስተው ውልቅ ይላሉ። በዚህ ከተማ ያለ አምስት ሳንቲም መነሻ ካፒታል የከበረ ነጋዴ ጥራ ብባል ከእርስዎ ሌላ ማንም አይመጣልኝም።

የጠዋት ሥራዎን ልንገርዎ፤ ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ከሰሏን አያይዛ፣ ቄጤማዋን ጎዝጉዛ፣ ስኒዋን ደርድራለች። የመጀመሪያው ደንበኛ ይመጣል። ቡናውን ይጠጣል፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላል፣ ከዚያ ባለ 200 ብር ይመዛል። «ዝርዝር የለህም ወንድሜ?» የለውም። እሷም ገና አሁን መጀመሯ ነው። ብሩን ይዛ ትሮጣለች። ቆሎ ሻጯ ጋ፣ ሎተሪ አዟሪው ጋ፣ ሱቅ ጋ። ሁሉም የእርስዎን ስም ይጠሩላታል። ባለሱቁማ መሳቢያውን በጉልበቱ እየገፋ እየዘጋ ነው «የለም» የሚላት፣ ሳንቲሙ ውስጥ ሲንኳኳ ለሁላችንም እየተሰማን። ስትመለስ ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጥፍቶታል፤ ተቀምጠው የነበሩት ሁለት ሰዎች ሄደዋል፤ ባለ 200 ብሩም «በቃ ማታ ሳልፍ እሰጥሻለሁ» ብሎ ይነሳል። ይሰጣታል ብለን እንመን።

ባለ 200 ብሩ በመስከረም 2013 ከአዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ጋር ብቅ ሲል ደረት የሚያስነፋ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ፌስታል አትክልት እንኳ አይሞላም። ግን ኤቲኤሙ በብዛት የሚተፋልን እሱንና መቶውን ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የከተማው ሰው ሁሉ ትልልቅ ብር ይዞ ትንንሽ ነገር ሊገዛ ይወጣል። ለእርስዎ ከዚህ የተሻለ የሥራ ሰዓት ከየት ይገኛል!

ስሙኒና ሽልንግን የት እንዳደረሷቸው አልጠይቅም። ማንም በአዋጅ ሳይሽራቸው እርስዎ ሻሯቸው። የቀረን ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ነው። በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላ በኩል ሚዛን አለው። ሚዛኑን ያሰቡት ሰዎች ምን ያህል ቀልደኛ እንደሆኑ ያወቅኩት መልሴን በማስቲካ መቀበል ስጀምር ነው።

ማስቲካውን ካነሳን ደግሞ፣ እኔ ችግር የለብኝም፣ አኝካለሁ። የሚያሳዝነኝ ሱቅ በደረቴው ልጅ ነው። ካርቶኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማስቲካ፣ ሶፍትና ከረሜላ እየሸጠ የሚያድረው ልጅ፣ የከተማው ባለሱቅ ሁሉ ማስቲካን መልስ አድርጎ በሚበትንበት አገር ማን ይግዛው? ታክሲ መስኮት ስር መጥቶ «ማስቲካ፣ ማስቲካ» ሲል ኪሳችን ውስጥ ሳንወደው የገዛነው አለ። ይህን ልጅ ከገበያ ያስወጡት ተፎካካሪዎቹ እኮ አይደሉም፣ እርስዎ ነዎት።

ስለ ታክሲ ሥራዎ ግን ማመስገን አለብኝ። ረዳቱ መልስ ሲጠፋበት አንዷን ኖት ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይሰጥና «ተካፈሉ» ይላል። ከዚያ አንድ ባለ ክራቫትና አንዲት ሽንኩርት የተሸከሙ እናት እንደ ወራሾች ጎን ለጎን እየሄዱ ሱቅ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ አፍሮ «እርስዎ ይያዙት እማማ» ብሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ስልክ ይለዋወጣል። እንዲህ ተዋውቆ የተጋባ ሰው ቢኖር አይገርመኝም፤ ካለ ሠርጉ ላይ ክብር እንግዳ እርስዎ ነዎት። ታክሲ ተራ ላይ ደግሞ ሳንቲም እያቅጨለጨሉ ለረዳቶች የሚዘረዝሩና ለድካማቸው የሚቆርጡ ልጆችን ሥራ አስይዘዋል። ገንዘብ በገንዘብ ሲሸጥ ባንክ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ ልምጣ። ጉልት ላይ ቲማቲም በመደብ የሚሸጡ እናት አሉ። መደቡ 20 ብር ነው እንበል። ጅምላው ላይ ትንሽ ተጨመረ። እንደ ሒሳቡ መደቡን 22 ማለት ነበረባቸው። 22 ቢሉ ግን የሁለት ብሩን ጣጣ ማን ይችለዋል? ገዥው 30 ይሰጣል፣ 8 ብር ከየት ይምጣ? ስለዚህ ወይ ከመደቡ ላይ አንዷን ቲማቲም ቀስ ብለው ያነሷታል፣ ወይ በአንዴ 25 ይላሉ። ከዚያ እኛ «ስግብግብ ነጋዴ!» ብለን እንሳደባለን። ምሁራኑ በቴሌቪዥን ስለ ዶላር ያስረዱናል፣ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ የማይናገር የለም፣ እውነታቸውንም ነው። የእርስዎን ስም ግን አንድም ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም። በየመደቡ ላይ የተቀመጡትን እርስዎን!

በግንቦት 2013 ቴሌብር ሲጀመር «አለቀለት» ብለን ነበር። ለካ ወንድም አለዎት፤ «ኔትወርክ የለም» ይባላል። ጫማዬ ተጠርጓል፣ ብሩን ልኬያለሁ፣ ከእኔ ሒሳብ ተቀንሷል። ሊስትሮው ስልኩን ያያል፣ እኔ ሊስትሮውን አያለሁ። «ገባ?» «አልገባም።» እግሬን ከሳጥኑ ላይ ላንሳ ወይስ መያዣ ይሁን ብዬ እዚያው ትቼዋለሁ። የጉልቷ እናት ደግሞ የያዙት ቁልፍ ስልክ ነው፤ ከእሱም ጋር ብዙ አይስማሙም። ስለዚህ የሚቀበሉት በልጅ ልጃቸው ቁጥር ነው። ቀን የሸጡት ሽንኩርት ማታ የኢንተርኔት ጥቅል ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ጠቅልለው ይሂዱ አልልዎትም፤ እንደማይሄዱ አውቃለሁ። ግን አቦ ትንሽ ፋታ ይስጡን። ቢያንስ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ጀበና ቡና ጋ ድርሽ አይበሉ፤ ልጅቷ አንድ አምስት ስኒ ትሽጥ። ይህ ከከበደዎት ደግሞ እንደ ሰው ወረዳ ሄደው ይሰለፉና ንግድ ፈቃድ ያውጡ። የማውጫውን ግን ልክ ዘርዝረው ይያዙ፣ እዚያም መልስ የለም።

ከሠላምታ ጋር፣
3 ብር ከአንዲት የማያውቃት ሴት ጋር የሚካፈል ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለባለ 200 ብር ኖት
ለወንድምዎ ለ«ኔትወርክ የለም» (ከገባለት)
ለባለሱቁ መሳቢያ፤ ተከፍቶ ይነበብለት