ጸሐፊ ያልነበረው ጀግና

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ቀድሞ ተዋጊዎች በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነሡና ጉዳዩን በደቂቃ ዘግተው ተቀመጡ። የጀግንነት ሜዳይ የሚገባው አዛዡ በዘመቻው ወቅት ለጻፈለትና ወረቀቱ ማህደር ውስጥ ለተገኘ ሰው ነው አሉ። ለሌላው የምስጋና ወረቀት ይበቃዋል። በሩ ከዚህ ወዲያ ከተከፈተ ሐሰተኛው ሁሉ ይግተለተላል፣ ሜዳዩም ይረክሳል። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ለአዛውንቶቹ ጋቢ ተደረበላቸው፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

ከተናገሩት ሁሉ የባሰው እግረ መንገዳቸውን ጣል ያደረጉት ነው። ሰውየው እውነት ጀብዱ ሠርቶ ከሆነ ያኔውኑ ይጻፍለት ነበር አሉ። ይህን የሚል ሰው የጀብዱ ሪፖርት እንዴት እንደሚዘጋጅ አያውቅም፤ ወይም ያውቃል፣ ግን አድማጩ አያውቅም ብሎ ንቆታል።

ድርጊቱን የሚያየው ከጎን ያለው ወታደርና የጓድ መሪው ነው። የጓድ መሪው ለመቶ መሪው በቃል ይነግራል፣ የመቶ መሪው ለሻምበል አዛዡ። ወረቀት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እሱም የሻምበሉ ጸሐፊ በሕይወት ካለ፣ ሻምበሉም በዚያው ሌሊት ቦታ ካልቀየረ። ከዚያ ሻለቃው ይደግፈዋል፣ ብርጌዱ ይፈርምበታል፣ ክፍለ ጦሩ ያስተላልፈዋል፣ ኮሚቴ ይወስናል። ከላይ ያሉት ፊርማዎች የሚጨምሩት ማኅተም ነው፤ ነገሩን በዓይናቸው ያዩት ከታች ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ሁለቱ ያኔ የት ነበሩ? ከጀግናው አምስት ዐሥር ሜትር ርቀት ላይ። ታንኩ ምሽጉ አፍ ድረስ እስኪመጣ ጠብቆ የተኮሰ ሰው ምስክሮቹም እዚያው ምሽግ ውስጥ ናቸው። ድርጊቱ የባሰ አደገኛ በሆነ ቁጥር ያየው ሰው የመትረፍ ዕድል ይመነምናል፤ የተረፈውም ቁስለኛ ሆኖ ሆስፒታል ይገባል፣ ሲድን ሌላ ክፍል ይመደባል፣ ያን ጊዜ የሻምበል አዛዡም ተቀይሯል። ከኋላ፣ ስልክና ጠረጴዛ ባለበት የተሠራ ሥራ ግን ምንጊዜም በሁለት ኮፒ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ «የጽሑፍ ማስረጃ ያቅርብ» የሚለው መስፈርት ቀላሉን አሳልፎ ከባዱን የሚያስቀር ወንፊት ነው። ሜዳዩ የተፈጠረው ለከባዱ አልነበረም እንዴ?

ይህ ለድሬዳዋ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በታንክና በመድፍ ከተማዋ ጥግ ሲደርስ፣ ውጊያው እስከ ሲሚንቶ ፋብሪካው ሲዘልቅ፣ ከመደበኛው ጦር ጎን ነበልባል የተባለው ጦርና ሚሊሻ ተሰልፎ ነበር። ሚሊሻው ከሞፈርና ቀንበሩ ተነሥቶ፣ የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስዶ ግንባር የገባ ገበሬ ነው። አብዛኛው ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር፤ ስለ ጓደኛው ጀብዱ ሪፖርት ይጻፍ የሚሉን እሱን ነው።

በዚያው ውጊያ የአየር ኃይሉን እንመልከት። ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ሲነሣ የመነሻ ሰዓቱ ይመዘገባል፣ የተጫነለት ጥይትና ቦምብ ተቆጥሮ ይፈረምበታል፣ ሲመለስ የቀረው ይቆጠራል፣ በራሪው በሬዲዮ ያለውን የመቆጣጠሪያ ማማው ይሰማዋል። የጄቱ በራሪ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ 11 ዓመት ያህል ሶማሊያ ውስጥ ታስረው ሲመለሱ ሥራቸው አልጠፋም፤ መዝገቡም ባልደረቦቻቸውም ጠብቀውላቸዋል። ክብሩ ይገባቸዋል፣ እንዲያውም ሲያንሳቸው ነው። አውራ ጎዳናው ዳር አርፒጂ ይዞ የተኛውን ሚሊሻ ግን ማን መዘገበው? የተሰጠውን ጥይት እንኳ የቆጠረለት የለም። ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን ደግሞ የክፍሎቹ ጽሕፈት ቤትም አብሮ ተበተነ። ወረቀት የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥት ነበር፣ የወታደሩ አይደለም። የራሱን መሳቢያ መጠበቅ ያቃተው አካል ዛሬ አዛውንቱን «አባቴ፣ ወረቀትዎን ያምጡ» ሲላቸው ትንሽ አያፍርም?

ይረክሳል ለሚሉት ደግሞ ሜዳይ እንዴት እንደሚረክስ የታወቀ ታሪክ አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1917 ከፍተኛውን የክብር ሜዳያቸውን መርምረው 911 ስሞች ሰርዘዋል። ከእነዚህ ውስጥ 864ቱ የአንድ ክፍለ ሠራዊት ሰዎች ነበሩ፤ የ27ኛው የሜይን እግረኛ። ጥፋታቸው ሐሰተኛ ምስክር ማቅረብ አልነበረም። ስማቸው በክፍሉ ዝርዝር ላይ ነበር፤ ያልነበራቸው ጀብዱ ነው። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ሜዳዩ ቃል የተገባው ዋና ከተማቸውን ለመጠበቅ ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ለቆዩት ነበር፣ የደረሰው ግን ላልቆዩትም ጭምር ነው። ሜዳዩን ያረከሰው ማኅተም ያለበት ዝርዝር ሆነና አረፈው!

በተቃራኒው እነዚሁ ሰዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ ጥቁር ወታደሮቻቸው አንድም የክብር ሜዳይ ሳይሰጡ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ፋይሉን እንደገና ከፍተው ለሰባት ሰጡ። በሕይወት የደረሰው አንድ ብቻ ነው፣ ቬርነን ቤከር፤ ጀብዱውን ከሠራ 52 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ሜዳዩ ረከሰ ያለ አልሰማንም። ደግሞ ለምን ሩቅ እንሄዳለን? ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአርበኞች ሜዳይ ሲታደል ሪባኑ ላይ የሚደረገው የዘንባባ ምልክት በዱር በገደል ባሳለፉት ዓመት ልክ ይቆጠር ነበር። ጫካ ውስጥ የሰው ኃይል መምሪያ አልነበረም። ያ ሁሉ አርበኛ በሰው ቃል ካልሆነ በምን ተቆጠረ?

ሐሰተኛ አይመጣም አልልም፤ ይመጣል። አንድ የተቃጠለ ታንክ ሦስት አራት ባለቤት ማግኘቱ የታወቀ ነው። ሐሰተኛን የሚይዘው ግን የምርመራ ዘዴ እንጂ የተዘጋ በር አይደለም፤ ዘዴውም ቀላል ነው። ምስክሮች በአንድ ክፍል አይቀመጡም፣ የአመልካቹ ጽሑፍም አይነበብላቸውም። «ጀግና ነበር?» ተብሎ አይጠየቅም። የት ተኝታችሁ ነበር፣ ከቀኝህ ማን ነበር፣ ምን መሣሪያ ይዞ ነበር፣ ከእሱ ጋር ስንት ሜትር ያህል ትራራቃላችሁ፣ ሌሊት ከነበረ በምን ብርሃን አየኸው ይባላል። ሦስት ሰዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ ተጠናንተዋል ማለት ነው። እውነተኛ ምስክሮች በሰዓቱ፣ በርቀቱ፣ በታንኩ ቁጥር ይለያያሉ፤ በዋናው ድርጊት ይገናኛሉ። የዘመድ ቃል አይቆጠርም፣ ሰማሁ የሚል አይቆጠርም፣ በዓይኑ ያየ ብቻ። ከዚያ ቃሉ ከውጭ ማስረጃ ጋር ይመሳከራል፦ ከጡረታ ማህደር፣ ከተረፈ የቁስለኛ መዝገብ፣ ጠላት ጥሎት ከሄደው መሣሪያና ከተገኘበት ቦታ። በዚያ ቀን ክፍሉ ባቢሌ እንደነበር ከታወቀ ድሬዳዋ ታንክ አቃጠልኩ ያለው ሰው ወዲያው ይወድቃል።

በአንድ ነገር ልስማማላቸው። ለላቀ አገልግሎት የሚሰጠው ሜዳይ በወረቀት ይሁን፤ ለሃያ ዓመት ያሠለጠነ፣ ስንቅና ትጥቅ ያስተዳደረ ሰው ሥራው ራሱ ወረቀት ነውና ማህደር ይጠየቅ። ችግሩ የዚያ ሜዳይ መስፈርት ተገልብጦ ለጀብዱው መለጠፉ ነው። ፎርሙን የሚያረቀው ሰው ሥራው ከማህደር ጋር ስለሆነ ጀግናም ከማህደር የሚወጣ ይመስለዋል።

የምስክሮቹ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። በ1969 የሃያ ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ነው፣ የጓድ መሪው ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ መመሪያው እስኪረቀቅ ሳይጠበቅ ቃላቸው ይቀዳ፤ እዚሁ ድሬዳዋ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከዚያም ሐረርና ባቢሌ፣ ቀበሌ ለቀበሌ። ሁለት ጠያቂ፣ አንድ ስልክና የቃለ መሐላ ቅጽ ይበቃል፤ ቅጂው አንዱ ለመከላከያ፣ አንዱ ለባለጉዳዩ። ለአዳራሽ ኪራይና ለባነር ማሳተሚያ ያላነሰ በጀት ለዚህ አነሰ ቢሉን አንሰማም።