ፊፋ ለትርፍ ያልቆመ መሆኑ ከንግድ ውድድር ሕግ አያስመልጠውም

«ፊፋ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ስለሆነ በትኬት ዋጋ በንግድ ውድድር ሕግ አይጠየቅም» የሚለው አባባል እየተደጋገመ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ግን ልክ አይደለም። ሕጉ፣ ማለትም ውድድርን የሚያፍኑ ስምምነቶችንና የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን የሚከለክለው፣ የሚያየው ሥራውን እንጂ የማኅበሩን ዓይነት አይደለም፤ ትኬት መሸጥ ደግሞ ንግድ ነው። ሕጉን የሚያስከብረው የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል፣ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ የ1990ውን ዓለም ዋንጫ የጉዞና ትኬት ጥቅል ሽያጭ መርምሮ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ፊፋን ራሱን በዚሁ ሕግ ጥፋተኛ ብሎታል። በ1999 ደግሞ የ1998ቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ኮሚቴ፣ ከትኬቱ ከፊሉን ፈረንሳይ ውስጥ አድራሻ ላለው ብቻ በመሸጡ፣ የገበያ የበላይነቱን አላግባብ ተጠቅሟል ተብሎ 1,000 ዩሮ ተቀጣ፤ ቅጣቱ እንኳ ለስሙ ያህል ነው። ወሬውን አምኖ አቤቱታውን የሚተው ደጋፊ በከንቱ መብቱን ይተዋል። ውድነት ብቻውን ጥፋት ባይሆንም፣ ደረሰኙንና የሽያጭ ገጹን ፎቶ አስቀምጡ። ለማጣራት በኅብረቱ የሕግ ድረ ገጽ (EUR-Lex) ውሳኔ 92/521ን እና 2000/12ን ፈልጉ። ሁለተኛው ላይ የተጠቀሰው፣ የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን የሚከለክለው የኅብረቱ ውል አንቀጽ 82፣ የዛሬው አንቀጽ 102 ነው።